ያለ ክብሪት የነደደው ዱቄት

ዘመሮ፣ መጋቢት ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ይድረስ ለምንሳሳልዎ ለጋሼ ሀብተ ማርያም፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛስ ፈጣሪ ይክበር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ኬሚስትሪ ሳስተምር በፐርማንጋኔት ዱቄት ላይ ግሊሰሪን ባንጠባጥብ ያለ ክብሪት ነደደ። ወሬው ቀበሌ ደርሶ፣ «ቦምብ ትሠራለች» ተብዬ ተጠራሁ። ሊቀ መንበሩ ፊት ደግሜ ባሳየው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ዱቄቱ ለግሊሰሪኑ ኦክስጅን ሲሰጠው ነው የሚነደው» አልኩት።

ከዚያ ጥቂት ዱቄት በውሃ በጥብጬ የመርሐቤቴ ሎሚ ብጨምቅበት የውሃው ሐምራዊ ቀለም ጠፋ።

«ይቺስ አስተማሪ ናት!» ብሎ ሳቀና አሰናበተኝ። እናታችን ደጅ ቆመው ኖሮ እልል አሉ። እኔም እፎይ አልኩ።

ሲሸኘኝ ግን፣ «ወንድምሽ የት ገባ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት።

ጋሼ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ብለው ነበር። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አበላሽቶታልና ዘንድሮ እዚያው ይዋሉ። እመብርሃን በክንፏ ትጋርድዎ።

እኅትዎ አሰጋሽ