አንድ ቄስ፣ አንዲት ሚስት

ውድ እናትነሽ፤

ለሙት ደብዳቤ የሚጽፍ ቄስ ሰምተሽ አታውቂም፤ እኔም አልሰማሁም። ለሰው ሁሉ «ለሞተ ሰው ጸሎት እንጂ ወሬ አይደርሰውም» ስል ኖሬ፣ ዛሬ ወሬ ይዤልሽ መጣሁ። ጸሎቱንማ አላቋረጥሁም። ግን ስለ ልጃችን ስለ ምሕረት የማወራው ሰው አጣሁ፤ የልጅ ነገር ደግሞ ከእናቷ ሌላ ለማን ይነገራል።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እኔም አባትነቱን ልሞክር ብዬ ነበር። ፀጉሯን ልሠራላት ተቀምጬ እንደ በሬ ገመድ ገመድኩት፤ ስቃ ስቃ ራሷ ፈታችው። ሞዴስ ሲያስፈልጋት ለእኔ መናገር አፍራ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤቷ ደግሞ ለእኔ። ጥምጣሜን አስተካክዬ ቅጣው ሱቅ ሄድኩ። ቅጣው በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በጥቁር ፌስታል ከትቶ ከሰጠኝ በኋላ «ይባርኩኝ» ብሎ መስቀሌን ተሳለመ። በአንድ እጄ መስቀል፣ በሌላው ፌስታል ይዤ ሰቆጣን አቋረጥኳት። ብታዪኝ ሳምንቱን ሙሉ ትስቂብኝ ነበር።

ሳቁ ግን እዚያው አለቀ። በጾሙ መግቢያ የወላጆች ስብሰባ ተጠራሁ። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሚኒስትሪ ትፈተናለች፤ ስለ ፈተናው ሊያወያዩን መስሎኝ ሄድኩ። መምህሯ ወደ ጎን ወሰደችኝና «አባ፣ ምሕረት እኮ ካቋረጠች ሰነበተች። አሟት ይሆናል ብለን ነበር» አለችኝ። እኔ ሌሊት ማኅሌት፣ ቀን ቅዳሴ ላይ ነኝ። ቤት ስገባ ራት ቀርቦ፣ ትንሹ ወንድሟ ተስፋው ታጥቦ ሳገኝ «ተመስገን» ብዬ እተኛለሁ እንጂ ዩኒፎርሟ ከተሰቀለበት አለመውረዱን አላየሁም። ስጠይቃት «ተስፋው ብቻውን ሲውል መንገድ ይወጣል፤ ባጃጅ ይገጭብኛል» አለች። ሌላ ምክንያት የላትም።

ሠራተኛ እንዳልቀጥር፣ ሚስት በሌለው ቄስ ቤት ሴት ካደረች ሐሜቱ ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። እህቴ ተስፋውን ልውሰደው ብትል፣ ምሕረት ልጁን አቅፋ አልለቅም አለች።

ይህን ሰምተው አባትሽ ከፃግብጂ መጡ። አቶ መንግሥቴን ታውቂያቸዋለሽ፣ ነገር አያዞሩም።

«አንቱ ቄስ፣ ልጄን ቀብሬያለሁ። የልጅ ልጄን ኩሽና ውስጥ አልቀብርም። ሚስት ያግቡ።»

«አባቴ፣ ቄስ እኮ ሁለተኛ አያገባም» አልኳቸው።

«አጥቼው ነው? መስቀሉን ያስቀምጡና ያግቡ።»

ስለ ምሕረት ብለው የገዛ ልጃቸውን ቦታ ለባዕድ ሰጡ። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፤ ሚስቱ ብትሞትበትም ቄስ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ከእንግዲህ መቅደስ አይገባም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሙያ አላውቅም። ቢሆንም ወሰንኩ፣ እናትነሽ። መቅደስ ውስጥ ሆኜ ልጄን ከማጣ፣ ውጭ ቆሜ ስትማር ልያት አልኩ። ለራሷ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«አባ፣ ሰው ‹በሷ ምክንያት ቄሱ ክህነቱን አፈረሰ› ይለኛል። ይሄን ተሸክሜ እንዴት አድርጌ እማራለሁ?»

እሷ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም፣ እኔም አላገባሁም።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። ጌታሰው የሚባል የኒሯቅ ዲያቆን ቅስና ሊቀበል ነው፤ ከቅስናው በፊት ደግሞ ድንግል ማግባት አለበት። የቄስ ልጅ፣ ያውም ቤት ያዥ፣ ከምሕረት የተሻለ ከየት ይመጣል! እኔን አታግባ ያለኝ ሥርዓት ልጄን አግቢ ሊላት መጣ። ተናደድኩ። ሽማግሌዎቹ እሷ እንዳትሰማ ብለው ነገሩን በኽምጥኛ ጀመሩት፤ እኔም በኽምጥኛ መለስኩ። በትምህርቷ እንዳትቸገር ብለን በአማርኛ ብቻ ያሳደግናት ልጅ ምኑን ትሰማዋለች ብዬ ነው። «ገና ልጅ ናት፤ ሕጉም አይፈቅድ» እያልኩ ስከራከር ውሃ ይዛ ገባች። ጆጉን አስቀመጠችና በጠራ ኽምጥኛ፣ በአንቺው አነጋገር፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ተስፋውን ይዤ እንድሄድ ከፈቀዱ እሺ በላቸው።»

በኋላ ከየት ተማርሽው ብላት፣ ታመሽ በተኛሽበት ጊዜ አማርኛውን ትተሽ በኽምጥኛ ብቻ ታወሪ ነበር አለችኝ፤ ስታስታምምሽ ነው የለመደችው። እኔ ያን ጊዜም ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹን በባዶ እጅ መለስኳቸው። እነሱ ግን «ልጅቷ እሺ ብላለች» እያሉ ነው የሄዱት፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መምጣታቸው አይቀርም። እንደገና እመልሳቸዋለሁ። እሷን ግን ወዴት እንደምመልሳት አላውቅም፤ ትምህርት ቤቱ እንደሆነ ስሟን ሰርዟል። ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ የተስፋውን ልብስ ሁሉ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ለኒሯቅ መንገድ ብላ በአንድ ፌስታል አስራ በር ሥር አስቀምጣዋለች። የራሷን አልነካችም።

ነፍስሽን ይማር ማለት ለምጃለሁ። ዛሬ ግን አንቺ ለእኛ ለምኚልን።

ከአንቺ ሌላ ያላገባው፣
ደረሰ