ጉልቤዋ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ በርህን ያንኳኳ። እኛ ደህና ነን።

አባባ ከታመሙ ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር የማነሣቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፤ ክንዴ ዝሎ ፀጉሬን ማበጠር እንኳ አቅቶኝ ነበር። ነርሷ ግን፣ «አይዞሽ፣ ጡንቻም ልብም ሥራ ሲለምዱ ይጠነክራሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በሁለተኛው ወር ማለክለኩ ተወኝ፤ አሁን በአንድ ክንዴ ደግፌ ይዣቸው በሌላው አንሶላ እቀይራለሁ። አባባም፣ «ጉልቤዋ፣ አንቺን የሚያገባ ሰው ወዮለት!» እያሉ ይስቁብኛል። ደስ ብሎኝ ክንዴን በመስታወት ባየው እንደ ድሮው ቀጭን ነው። ጡንቻው የት እንደገባ እንጃ።

ትናንት ከገበያ ስመለስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያነሷቸው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አሮጊት ናቸው፤ ግማሽ ጀሪካን ውሃ እንኳ የማደርስላቸው እኔ ነኝ።

«ብቻዎን? አልከበዱዎትም?» አልኳቸው።

«ምንም አይከብዱም፣ ልጄ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በክረምት እመጣለሁ ያልከውን፣ መንገዱ በዝናብ ሳይበላሽ፣ ቀደም ብታደርገው ጥሩ ነው።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ጉልቤዋ