ሙክቱ ማንን እንደሚመስል ለማጣራት ስለተጠራው አውጫጭኝ

ለተከበሩ አቶ ምናለ
የወይራ በር ከተማ የመልካም ገጽታ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎ ደግሞ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምሠራው አሕመድኑር፣ በአላህ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ሱቄም ታሽጋ ከምትውልበት ሰዓት ውጪ ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አፉ ይበሉኝ። ቀደም ሲል በዝግ ፖስታ የላክኋቸው መልስ ስላላገኙ፣ ፖስታ መክፈት ከጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን ውጪ ሊሆን ይችላል ብዬ ሰግቼ ነው።

ጉዳዩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው ባይኖርም፣ ይህን ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ ግራ እንዳይጋባ በአጭሩ ላስታውስ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የሥዕል መምህርት ሉሊት በየሳምንቱ አንድ ገጽ ካርቱን እየሣለች ታመጣልኝ ነበር፤ እኔም ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ እንዳይሰለች በመስታወት በሬ ላይ እለጥፈው ነበር። የካርቱኑ ባለታሪክ ቢሮ ውስጥ በሚሽከረከር ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ የሰባ የበግ ሙክት ነው። ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ይገባል፤ ሙክቱ ማመልከቻውን ይበላና ነገ ተመለሱ ይላል። ታሪኩ ይኸው ነው። በመጨረሻው ካርቱን ላይ ሙክቱ ሆዱን ታመመና የእንስሳት ሐኪም እጁን በአፉ ሰዶ ሲፈትሽ፣ የሕዝቡ ማመልከቻ ሁሉ ከነማኅተሙ እየተጎተተ ወጣ፤ ሕዝቡም ማመልከቻው አለመጥፋቱን ሲያይ እልል አለ። ይህን ያየው ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነበር፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ እሱም የለም።

እርስዎ ይህን ካርቱን ነውርና ስድብ፣ የከተማዋንም ገጽታ የሚያጠለሽ ነው ብለው አገዱት። ስለ አሳቢነትዎ ከልብ አመስግኜ፣ ቅሬታዎቼን ጽሕፈት ቤትዎ በሚወደው አኳኋን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አውጫጭኙ። አባቶቻችን በሬ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል ወይም ደም ሲፈስ የአገሩን ሰው ሜዳ ላይ ሰብስበው፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ያደርጉ ነበር። እርስዎ ይህን ሥርዓት ከተረሳበት አንሥተው ለወረቀት በግ ስላዋሉት ቅርስ ጠባቂ ሊባሉ ይገባል። ቀኑን የገበያ ቅዳሜ ማድረግዎም ማንም ሳይቀር እንዲገኝ በማሰብ እንደሆነ ገብቶናል። ከደጎሎ ስንዴ ጭኖ ሲያልፍ የነበረው የአይሱዙ ሾፌር እንኳ የማያውቀውን በግ ሊያጣራ ከእኛ ጋር ሣር ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ሸንጎውን እንዲመሩ የተመረጡት ሸህ አሕመዲንና አባ ይሄነው ደንቡን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ናቸውና መጀመሪያ ምን እንደጠፋ ጠየቁ። እርስዎም የጠፋው ክብር ነው ብለው መለሱ። ሸህ አሕመዲን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ይኸው ክብር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው የት እንደነበረና ልዩ ምልክትም ካለው እንዲነግሯቸው ጠየቁዎት። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም፤ በሬ የጠፋበት ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። እርስዎም ምላሹ በጽሑፍ ይቀርባል በማለትዎ ነገሩ በይደር ታለፈ፤ እስከ ዛሬም በጉጉት እየጠበቅን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጂው። ከወግዲ በኩል ለገበያ የመጣው ገበሬ ሞላ ሙክቱ ማንን እንደሚመስል ምሎ እንዲናገር ሲታዘዝ፣ ባላየው ነገር መማል ከፈጣሪው እንደሚያጣላው ተናገረ። ሌላስ ያላየ ማን አለ ተብሎ ሲጠየቅ ሜዳው በሙሉ እጁን አወጣ። በዚህ ጊዜ ጽሕፈት ቤትዎ የታገደው ካርቱን ለተሰብሳቢው ሁሉ እንዲባዛ አዘዘ። በከተማው ውስጥ የሚሠራው የፎቶ ኮፒ ማሽን የእኔ ብቻ ስለሆነ፣ ካርቱኑን በመለጠፏ ጠዋት የታሸገችው ሱቄ ካርቱኑን እንድታባዛ ተከፈተች፤ ሥራዋን ስትጨርስም ካርቱኑ በብዛት ተገኝቶባታል ተብላ እንደገና ታሸገች። ከመካነ ሰላም ያስመጣሁት ቀለም በዚያው ቀን አለቀ። አንድ ሥዕል በመንግሥት ትእዛዝና በዘበኛ ጥበቃ ለገበሬው እጅ በእጅ ሲታደል በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሰዉም ወረቀቱን አየ፤ እርስዎን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሙክቱን ከሙክት በቀር ከሌላ ጋር ያመሳሰለ ሰው ካለ እኔ አላውቅም። ሞላም ቢሆን ደጎሎ ገበያ ላይ የሸጠው የራሱ ሙክት መሆኑን በቀንዱ ለይቶ ማለ፤ በርካሽ እንደሸጠው ትዝ ስላለውም ስለ በጉ ጠባይ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ከእሱ ቀጥለው የገበያ ተቆጣጣሪው ተነሥተው፣ ሆዱን ያየ ሰው የተሰደብሁት እኔ መሆኔን አይስተውም ሲሉ አመለከቱ። እርሳቸው ሳይቀመጡ የግብር ሰብሳቢው ተነሥተው፣ ሆዱ የማንም ይሁን፣ ወንበሩ ግን የእኔ ወንበር ነው አሉ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው። እርስዎም በስድብዎ ውስጥ ሌላ ሰው መግባቱ አናድዶዎት፣ በቅድሚያ የተሰደቡት እርስዎ መሆንዎን ሜዳው ላይ የተቀመጠልዎን ጠረጴዛ እየመቱ አስረዱ። ለወትሮው ሦስት ሰው በአንድ በግ ሲጣላ የማውቀው ሥጋ ሲካፈል ነበር።

በአውጫጭኝ ደንብ ነገሩን በስውር አጣርተው ለሽማግሌዎቹ የሚናገሩት ሰዎች ወፍ እንደሚባሉና ስማቸው እንደማይገለጽ ይታወቃል። የወፎቹን ቃል አባ ይሄነው ቆመው አሰሙን። ወፎቹ፣ ሥዕሉ ከስብሰባው በፊት በግ ይመስል እንደነበረ፣ ከስብሰባው በኋላ ግን አቶ ምናለን መምሰል እንደጀመረ ተስማምተዋል አሉ። እርስዎ በቁጣ ወፎቹ ተይዘው ይቅረቡልኝ ሲሉ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩት ሁለቱ ሚሊሻዎች ጠመንጃቸውን አስተካክለው ወደ ወይራው ዛፍ አንጋጠጡ። በዚያ ቀን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ያወጣው በማግሥቱ ነው። በካርቱኑ ላይ የሚታየው ሙክት የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ የማይመስል መሆኑን ለሕዝብ እናሳውቃለን ይላል። ኅብረተሰቡ ራሱ አይቶ እንዲያመዛዝን የእርስዎ ጉርድ ፎቶግራፍና የሙክቱ ሥዕል በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ከሥራቸውም ክብ ማኅተም አርፏል። በመስጊዱ በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በየመብራቱ ምሰሶ ተለጠፈ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር የኋላ መስታወቱ ላይ ለጥፎ ወደ ደጎሎ ስለወሰደው፣ ሙክቱን እንደማይመስሉ አሁን የጃማ ወረዳም ሁሉ ያውቃል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ እርስዎ ግን ይህን የመሰለ ተረት ሳይሰሙ ያደጉ ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ሳነሣ ቀልዱ ትንሽ ይርቀኛል። የሉሊት ካርቱን ሰው አስከፍቶ አያውቅም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። አምና ከቤት ቤት ሐሜት የምታመላልስ ሴት ስትሥል አንገቷ ላይ ትልቅ እንቅርት አንጠለጠለችባት። በርበሬ የሚሸጡት ወይዘሮ አሰጋሽ እንቅርት እንዳለባቸው ከተማው ያውቃል። የተሣሉት እርሳቸው አልነበሩም፤ ገበያው ግን እርሳቸው ናቸው ብሎ ሳቀባቸው፤ እርሳቸውም ከቤት መውጣት ተዉ። መጀመሪያ አቤት ያሉት ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ የተሰጣቸውም መልስ፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚጠብቀው የከተማዋን ገጽታ እንጂ የግለሰብ አንገት አይደለም የሚል ነበር። አውጫጭኝ አልተጠራላቸውም፤ ሱቄም ያኔ አልታሸገችም።

ስለዚህ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ወደ እኔ ዘንድ መጡ፤ ሉሊትን አስጠሩና ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄ፣ በሠራሁት ሳቂብኝ፤ በተፈጠርሁት አትሳቂብኝ» አሏት። ሉሊት ሥዕሉን በገዛ እጇ አነሣችው። አለቀሰችም። እሑድ ቤታቸው ድረስ ሄዳ እግራቸው ላይ ብትወድቅ፣ አንሥተው ሳሟትና፣ መሣል ካማረሽስ የሚዛኔን ነገር ለምን አትሥይውም፣ ጣቴን ጫን አደርግበት የለም እንዴ፣ ብለው ራሳቸው መንገዱን አሳዩዋት። በሚቀጥለው ሳምንት ወይዘሮ አሰጋሽ ከነአውራ ጣታቸው ሚዛኑ ላይ ተሥለው ወጡ፤ ከሁሉ አብልጠው የሳቁትም እርሳቸው ነበሩ። ጣታቸው ከዚያ ወዲህ ቀለል ማለቱን በርበሬ ገዢዎች ይመሰክራሉ።

ካርቱን እስከ የት ድረስ መሄድ ይችላል የሚለውን ጥያቄ እርስዎ በየስብሰባው ሲያነሡ እሰማለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ በበኩሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሥዕል ከመለጠፌ በፊት በወይዘሮ አሰጋሽ ቃል እለካዋለሁ። ሉሊት የእርስዎን አፍንጫ፣ ሃይማኖትዎን ወይም የትውልድ ቀዬዎን መሳቂያ አድርጋ ብታመጣ ኖሮ፣ ማሸጊያ ሳያስፈልግዎ እኔው ቀድጄ እጥለው ነበር። እርሷ የሣለችው ግን ማመልከቻ የሚበላ በግ ነው። ማመልከቻ መብላት ደግሞ ተፈጥሮ አይደለም፤ ሥራ ነው፤ ሊተዉትም ይቻላል።

አራተኛውና የመጨረሻው ስለ ራሷ ስለ ሉሊት ነው። ይቅርታ እንድትጠይቅ ታዘዘች። ይቅርታ መጠየቅ የማታፍር ልጅ መሆኗን ከላይ ተናግሬአለሁ። ሆኖም ጽሕፈት ቤትዎ አዘጋጅቶ በሰጣት ወረቀት ላይ ይቅርታው የሚጀምረው፣ ሙክቱ አቶ ምናለ መሆናቸውን አምናለሁ፣ በሚል ቃል ነው። እርሷ የሣልሁት በግ ነው ብላ አልፈርምም አለች። ማኅተም ያረፈበት የእርስዎ ማስታወቂያም እንደዚያው ይላል። እንግዲህ ከማስታወቂያዎ ጋር በመስማማቷ እንቢተኛ ተብላ፣ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሾላ ግርጌ ትምህርት ቤት እንድትዛወር ተወሰነባት።

ሾላ ግርጌ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ የሚገኝ መንደር ነው። ትምህርት ቤት የለውም። ይህን ለማስረዳት በእርስዎ በር ስቆም የተነገረኝ፣ ትምህርት ቤቱ በዕቅድ ውስጥ ስላለ መምህርቷ ቀድማ ደርሳ እንድትጠብቀው ነው። እናቷ ወይዘሮ ብዙዬ በሽተኛ ናቸው፤ ከእርሷ በቀር ውኃ የሚያቀብላቸው የለም። ቆላው እንደማይስማማቸው ሐኪም ነግሯቸዋል። ሉሊት ወይ ያላመነችውን ትፈርማለች፣ ወይ የታመመች እናቷን ተሸክማ ሕንፃ ወደሌለው ትምህርት ቤት ትወርዳለች። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በአክብሮት ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ በዚህ ግን አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም። ሰው በሥዕል ሊቀየም ይችላል፤ በቅያሜው ግን የታመመች እናት አይቀጣም።

ስለሆነም ዝውውሩ ከሰኞ በፊት እንዲሻር በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እኔ ከተፈለግሁ አልጠፋም። ሱቄ ከፈለጉም ታሽጋ ትክረም። እርሷን ግን ለልጆቹና ለእናቷ ይተዉልን።

ሸክምዎ እንዲቀልልዎ፣ እንቅልፍዎ እንዲጣፍጥልዎ፣ በበርዎ የሚቆመው ሰልፍ እንዲያጥርልዎ ሐሙስ ሐሙስ በዱዓ የማስብዎት፣ በትእዛዝዎ ያባዛሁ፣ በትእዛዝዎም የታሸግሁ፣ ምን ጊዜም የከተማዬ ገጽታ የሚገደኝ፣

ታዛዥዎ አሕመድኑር
ከወይራ በር መናኸሪያ ፊት ለፊት

ማስታወሻ፦ ሱቄ ታሽጋ ሰው ቤት ሄጄ በእጄ ስገለብጠው ደብዳቤው ዘገየና ሰኞ አለፈ። ሉሊት እናቷን በበቅሎ ጭና ወርዳለች፤ የመስታወት በሬም ባዶ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ይከፋኛል። ሆኖም ትናንት ከሾላ ግርጌ የመጡ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ መምህርት መጣች የሚለውን ወሬ የሰሙ ልጆች ከየሸለቆው ተሰብስበው ዛፍ ሥር ጠበቋት፤ አባቶቻቸውም በዚያው ሳምንት ዳስ ጥለው፣ ከድንጋይ መቀመጫ ደርድረው ትምህርት ተጀምሯል። ያ መንደር ትምህርት ቤት ይሠራልን እያለ ለዓመታት ማመልከቻ ሲያስገባ እንደኖረ ሰዎቹ አጫውተውኛል። አሁን ሥዕልና ፊደል እየተማሩ ቢሆንም ሒሳብ የሚያስተምር የላቸውም። ስለዚህ ወላጆቹ ለእርስዎ እንዳደርስላቸው የላኩብኝ ልመና፣ በተቻለ ፍጥነት አንድ የሒሳብ መምህርም እንዲቀየሙላቸው ነው።