የበሩን ትዕይንት አትቁረጪው

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለእስከዳር፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የያዘሽ ጉንፋን ለቀቀሽ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? የአባዬ ሳል ቀለል አለለት? ማቲያስስ ፀጉሩን ተቆረጠ ወይስ እንደ ጎፈረ ነው? እኔ እናንተን ከመናፈቅ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደውለሽ ስታለቅሺ ዝም ማለቴ ቅር ብሎሽ ይሆናል። ማዳሜ አጠገቤ ቆማ ሰላጣ እያስከተፈችኝ ነበር። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስልሽ፤ ስጨርስ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ፕሮዲውሰርሽ ጋሽ ውድነህ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት በሴቷ ሾፌር ፈንታ ወንድሟን ዋና ሰው እንድታደርጊው፣ እሷ ከቤት የምትወጣበትን የበሩን ትዕይንት ደግሞ እንድትቆርጪው ጠይቆሻል። ወንዶቹ ኢንተርኔት ላይ ስለተሳደቡ ፈርቶ ነው። አንቺም ደክሞሽ እሺ ልትዪው ነው። እኔ ይህን የምጽፈው እሺ አትበይው ልልሽ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ በወጣ ሰሞን፣ እሁድ ከቸርች ስወጣ፣ እዚህ ቤሩት ዳር ኻልዴ በሚባለው ሰፈር ወዳጄ ሰሊማ በተከራየችው ክፍል ተሰበሰብን። ሰሊማ የወሎ ልጅ ናት፣ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ወርቅ ነው። ዘጠኝ ሆነን በአንድ ስልክ አየነው። ሾፌሯ ያንን ትልቅ የጭነት መኪና ይዛ ወደ ሚሌ የሚያወርደውን ቁልቁለት ስትወርድ እልል ብለን ጎረቤት አስደነገጥን። ከዚያ አስተያየቶቹን ማንበብ ጀመርን። «ሴት መሪ ስትይዝ ማየት ያመኛል» ይላል አንዱ፤ «ይቺን ወጥ ቤት መልሷት» ይላል ሌላው። ግማሾቹ ፊልሙን እንዳላዩት ያስታውቃሉ። ሰሊማ እጅጌዋን ሰብስባ «ያላ፣ አንዱም መልስ ሳያገኝ አያድርም» አለች። ዘጠኛችንም ስድቡን በስድብ ስንመልስ ዋልን።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የማዳሜ ልጅ ስልኬን አይታ፣ የሆነውን ስነግራት ሳቀችብኝ። «ያኒ፣ ብዙ መልስ የተሰጠው ነው ከላይ የሚወጣው፤ ስድቡን እላይ ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ» አለችኝ። እውነትም ፊልምሽን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እኛ የተጣላነውን ሰውዬ ሆኖ ነበር። ልረዳሽ ብዬ ጎዳሁሽ፣ እስኩዬ። በጣም አፈርኩ።

በሳምንቱ ሾፌሯን ሆና የሠራችው ፀጋ የለቀቀችውን ቪዲዮ አየን። ጎማ እየቀየረች ስድቦቹን አንድ በአንድ በረጋ ድምፅ ታነባቸዋለች፤ ለአንዱም አትመልስም፤ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቃ፣ እጇን ጠርጋ ትሄዳለች። ሰሊማ ሁለት ጊዜ አየችውና «ኸላስ፣ በቃ፣ ለእነሱ መጻፍ ቀረ፤ ከዛሬ ጀምሮ የምንጽፈው ለእስከዳር ነው» አለች። የመለስነውን ሁሉ አጥፍተን እያንዳንዳችን የት ሆነን ፊልሙን ደግመን እንዳየነው እዚያው ሥር ጻፍን። አንዷ ራስ ቤሩት ሸሚዝ እየተኮሰች፣ አንዷ ሐምራ አሮጊት እያስታመመች፣ አንዷ በረንዳ ላይ ምንጣፍ እያራገፈች። ከዚያ የማናውቃቸው ሴቶች ይጨምሩበት ጀመር፤ አንዲት የደሴ ባጃጅ ነጂ እንኳ ተሳፋሪ እየጠበቀች እንዳየችው ጽፋለች። ስድቡ አልጠፋም፤ ግን አሁን እሱን ለማግኘት ብዙ መውረድ ያስፈልጋል። ጋሽ ውድነህ ይህን ያነበበ አይመስለኝም፣ አንብቢለት።

አሁን ስለ በሩ። ወንዶቹ «ምንም የማይፈጠርበት ሁለት ደቂቃ» ብለው ቀልደውበታል። ሾፌሯ የምትወጣው በእኛው በር ነው፤ ከፍ አድርገው ካልገፉት በማይዘጋው በዚያ ቆርቆሮ። እናቷ አድርገሽ እማዬን ማቆምሽን አልነገርሽኝም ነበር። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ካሜራሽ እዚያው ይቀራል፣ እማዬም ትቀራለች። መንገዱን ታያለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ አትገባም። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

እኔ የወጣሁ ቀን እማዬ «ዞረሽ እንዳታዪ፣ መንገዱ ይከብድሻል» ብላኝ ነበር። እሺ ብዬ ሳልዞር ሄድኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወዲያው በሩን ዘግታ የገባች ይመስለኝ ነበር፤ ሆድ ሲብሰኝ ይኸው ነበር የሚያንገበግበኝ። አንቺ ግን ያን ጠዋት አጠገቧ ነበርሽ። ያየሽውን ነው የቀረጽሽው አይደል? እንግዲህ ያን ቆርጠሽ የምትጥዪ ከሆነ፣ ከቤቴ የተላከልኝን ነው የምትወስጂብኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ማቲያስን ያንን ፀጉር ተቆረጥ በይልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ አበባየሁን፣ ፀጋንም በብዙ ሰላም በያቸው። ሰሊማ አንገትሽን አቅፋ ሰላም ብላሻለች። እማዬን ደግሞ፣ እታገኝ አሁን ዞራ አይታሻለች፣ በቃ ግቢ ብላለች በያት።

እህትሽ እታገኝ
ሐምራ፣ ቤሩት
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.