ቢጫ የተቀባው ማሳ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት

በር ከፈትኩ። ግቢ ጠረግኩ። ጄኔሬተሩን ቀሰቀስኩ፤ እንደ ሰነፍ በሬ ካልጮኹበት አይነሳም። አለቃችን ሰላምና ሁለቱ ልጆች ገብተው ኮምፒውተራቸው ላይ ተደፉ። እኔ ጥበቃ ክፍሌ ውስጥ ካንቺ ጋር ነኝ፣ ደብተሬ። የቤተ ክርስቲያናችንን የማታ ት/ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝና በወግ ነው የማዋራሽ። ከሆሳዕና ድንጋይ ልሸከም መጥቼ ዛሬ ዓለም ገና ላይ የሶፍትዌር ድርጅት ጥበቃ። ያውም የሚጽፍ ጥበቃ! የባጃጅ ተራ ልጆች «ፕሮፌሰር» ይሉኛል። እነሱ እያሾፉ ነው። እኔ ግን ከልቤ ነው አቤት የምለው።

ሥራችን («ሥራችን» ስል ደስ ይለኛል) እንዲህ ነው። አንዱ በኢንተርኔት ከሚሸጥ ሱቅ ጫማ ይገዛል። ሱቁ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ሲጠራቀም ስጦታ ይላክለታል። ሰውዬው ሌላ ሱቅ መሄድ ይተዋል። ያንን ነጥብ የሚይዘውን ፕሮግራም የሚሠሩት የኛ ልጆች ናቸው። ሱቆቹ አዲስ አበባ፣ እኛ እዚህ። ኪራይ ይረክሳላ።

ሰላም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ሰቅላለች። መሃሉ አዲስ አበባ፣ ዙሪያው ሰበታ፣ ፉሪ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። ስጦታ ፈጥኖ የሚደርስበት ቢጫ፣ የሚዘገይበት ሰማያዊ ተቀብቷል። ነጥብ የሚሰበስብ ደንበኛ ባለበት መርፌ ይሰካል። ሰኪው እኔ! «ሱሉልታ» የሚለውን ሳልንተባተብ ሳነበው ሰላም አጨበጨበችልኝ።

ያው ሰኞ፣ አመሻሽ

ምሳ ሰዓት ባጃጅ ተራ ወርጄ ጉራዬን ነዛሁ። እኛ ቢሮ ካርታ አለ፣ ሁላችሁም በቀለም ገብታችኋል፣ መርፌ የምሰካባችሁ እኔ ነኝ፣ ያስቀየመኝን ሰፈር ነቅዬ እጥላለሁ አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ገመቹ እንኳ። ገመቹ ባለ ባጃጅ ነው፣ ጓደኛዬ። ቀልዴን ሳልጨርስ የሚስቅልኝ ሰው ነበር። ዛሬ መሪውን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ቀልዱ ደክሞ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ቀልዱ አይደለም የደከመው።

ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ። የጅማ መንገድ ላይ ጎማ እየነደደ ነው። ሚኒባስ የለም። ወታደር የጫነ መኪና ወደ ተጂ አለፈ። ከዚያ በሩቁ ተኩስ። ጣ ጣ። በግንባታ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መዶሻ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አልሆነም። 

ሰዉ የሚያወራው ስለ ማስተር ፕላኑ ነው። አዲስ አበባ እስከዚህ ትሰፋለች፣ ገበሬው ይነሳል። የማን መሬት የፕላኑ ካርታ ውስጥ እንደገባ የሚያውቅ የለም። ካርታውን አየሁ የሚል የለም። ጌታ ሆይ። አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ። መርፌ እሰካበታለሁም ብያለሁ።

ዳቦ ልገዛ ስወጣ ገመቹን አገኘሁት። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ አልኩት። ሰላምታዬን ትቶ ካርታው የማን ነው አለኝ። የሱቆች ነው ብለው ኖሮ ያበቃ ነበር። ግን አፌን ታውቂዋለሽ። የትልልቅ ሰዎች ነው፣ በነጭ መኪና እየመጡ ያዩታል አልኩ። ነጩ መኪና የአንድ ጫማ ነጋዴ ነው! ደንበኛችን! ይህን ሳልጨምር ገመቹ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6፣ ከሰዓት

ኢንተርኔት ጠፋ። ልጆቹ ሥራ ፈቱ። መንገድ ስለተዘጋ ትናንት እዚሁ ነው ያደሩት። ሰላም ወንበር ገጥማ ተኛች። እናቷ በየሰዓቱ ትደውላለች፣ እሷ ደህና ነኝ ትላለች፣ ስልኩን ዘግታ ጥፍሯን ትበላለች።

ከምሳ በኋላ ጣሪያው ላይ ድንጋይ። አንድ። ከዚያ ሌላ። ቆርቆሮው ሲጮህ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ጥበቃው! ዱላዬ ውጭ ቀርቷል። ሰላም ለምን እኛን አለች፣ ማንን ምን አደረግን? እኔ ካርታውን አየሁ። 

10 ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። ኦቦ ቶለራ፣ ባለቤቱ። ቤቱን ያከራዩን እሳቸው ናቸው፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለው የሽምብራ ማሳም የሳቸው። በበሩ ቀዳዳ አናገርኳቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማሳዬን ቀለም ቀብታችኋል አሉ።»

«ኧረ ኦቦ፣ ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«በምን ቀለም ነው?»

«ቢጫ» አልኩ። ውሸት አልመጣልኝም።

«ቢጫ ምንድን ነው?»

«ስጦታ ቶሎ የሚደርስበት።»

እስከ ዛሬ ለዚህ አገር ስጦታ የተባለው ሁሉ አጥር ይዞ ነው የመጣው አሉኝ። የሰፈሩ ልጆች ነገ ወደዚህ ቤት ሊመጡ ተማክረዋል፣ ቤንዚንም ይዘዋል። ቤቱ የኔ ነው ብላቸው፣ ለመሬት ቀያሽ አከራይተሃል አሉኝ ሲሉ ነገሩኝ። አሁን ሰው አለበት ወይ አሉ፤ አዎ፣ አራት ነን አልኩ። በከዘራቸው መሬቱን ነካ ነካ አድርገው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት

ለሰላም ነገርኳት። ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ግድግዳው ጋ ሄዳ ካርታውን ከዳር ያዘችው። እንቅደደው፣ እናቃጥለው አለች። ልጆቹም ይቃጠል አሉ።

እኔ አይሆንም አልኩ። ካቃጠልነው ደበቁት ይባላል፣ ያኔ ያላየው ሰው ሁሉ በውስጡ የሚፈራውን ነገር ያይበታል። ደብተሬ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። 

ኦቦ ቶለራን ስልክ ደውዬ ለመንኳቸው። አንቱ አይተው ይፍረዱ አልኳቸው። በጓሮ በር መጡ። ሳሎን ገብተው ካርታው ፊት ቆሙ። የድሮ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናቸው፣ ከኔ ቀድመው ፊደል የቆጠሩ። አንድ በአንድ አነበቡ። በመንገዱ ዱካ ጣታቸውን እየጎተቱ ማሳቸው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወሰን የለም፣ ቁጥር የለም። ዝም ያለ ቢጫ። እና ጠርዙ ላይ አንድ መርፌ።

ይሄ የማን ነው አሉ።

ያኔ ትዝ አለኝ። የገመቹ፣ ከማሳው ጥግ የሚኖረው! ለባጃጁ ስፒከር በኢንተርኔት የገዛው ከኛ ደንበኛ ሱቅ ነው፣ እኔው ጎትጉቼው። ነጥብ አለዎት የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ሲገባ ባጃጅ ተራ ላይ ለሁሉም እያዞረ አሳይቷል። እሱ የተማረው በቁቤ፣ በኦሮምኛው ላቲን ፊደል ነው፣ የአማርኛ ፊደል ያንገዳግደዋል። ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ። ተመልሼ መርፌውን የሰካሁለትም እኔ። መልእክቱ ካልጠፋ እዚያው ስልኩ ውስጥ አለ፣ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ኦቦ ቶለራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩት። ስፒከር? አሉ። ያ ሌሊት የሚያስጮኸው? አዎ። ሊስቁ ነበር መሰለኝ። አልሳቁም።

ያው ሐሙስ፣ ረፋድ

ከታች በኩል ጩኸት ይሰማል። ዘፈን ነው፣ ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ ዝም። የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው።

ወሰንን። እዚህ ተቀምጠን አንጠብቃቸውም። ካርታውን ጠቅልዬ ባጃጅ ተራ እወርዳለሁ፣ ጉራዬን የነዛሁበት ቦታ። መሬት ላይ እዘረጋዋለሁ። ገመቹን ስልክህን አውጣ እለዋለሁ። መልእክቱን የማነበው እኔ አይደለሁም። ማን ያምነኛል? ኦቦ ቶለራ ያነባሉ፣ ወደ ኦሮምኛም ይመልሱታል። እሺ ብለዋል፣ ከዘራና ጋቢያቸውን ሊይዙ ቤታቸው ሄደዋል። ገመቹ ስልኩን ባያወጣስ? መልእክቱን አጥፍቶት ቢሆንስ? አላውቅም።

ሰላም እኔ ልሂድ አለች። አይሆንም። አፉን የከፈተው ማን ሆነና። ሦስቱ በጓሮ በር ወደ ኦቦ ቶለራ ቤት ይሻገራሉ፣ ባለቤታቸው በር ከፍተው እየጠበቁ ነው። ቢሮው ቢነድ ይንደድ አለች ሰላም። ኮምፒውተሮቹን ግን እያየች ነው ያለችው።

ጽሕፈቴን እዪው። ፊደሌ የጀማሪ ሆኗል፣ የማታ ት/ቤት መምህሬ ብታየው ታዝንብኛለች። ጸለይኩ። ካርታው ብብቴ ሥር ነው። መርፌው እንዳይወድቅ በፕላስተር ለጥፌበታለሁ። በር ተንኳኳ፣ ኦቦ ቶለራ ናቸው። ስወጣ ቀልድ የሚባል ከአፌ አይወጣም። አንድም። ምናልባት ገመቹ ፈገግ ካለ ስለ ስፒከሩ ብቻ አንዲት።