ወናፍ የሚያውቅ ሰው

ጥር 19
ከክፍል እንደወጣሁ ወደ ጠዳ፣ አውሮፕላኔን ወደምሠራበት ግቢ። ሞተሩን አስነሳሁት... ዛሬም ጋለ። ስድስት ዓመት የለፋሁባት አውሮፕላን በአንድ አሮጌ የቮልስ ሞተር ልትቀር ነው? የፊቱን የአየር ቀዳዳ ላስፋው እንዴ?
ላሜራ የሚቀጠቅጥልኝ አያ አላምረው ቀና አለና፣ «መግቢያ መች አጣ፣ መውጫ ነው ያጣው። ወናፌም አፉ ከተደፈነ ብትጨምቀው አይነፋም» አለኝ።
ሳቅሁ። ፊዚክስ አስተማሪ ከወናፍ ሊማር!

ጥር 25፣ እሑድ
ቀዳዳውን በእጥፍ አሰፋሁት። ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ። ሜዳው ላይ ሁለት ዙር ሳልነዳት ዘይቱ መቃጠል ጀመረ። አጠፋሁ።
የግቢው ባለቤት እትዬ የትነበርሽ፣ «ምነው ይገርምሃል? የቀጥቃጭ ዓይን እንኳን ብረት ሰው ይበላል» አለች። ሁሉም ወደ አያ አላምረው ዞረ። እሱ ደግሞ ወደ እኔ።
ዝም አልኩ። ከግቢዋ እንዳታስወጣኝ ፈርቼ... ዝምታ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ጠጋ ብዬ፣ «ለጥቂት ቀን ባትመጣስ?» አልኩት። መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ።

ጥር 28
ክፍል ውስጥ ስለ ማስረጃ ሳስተምር፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ሰሌዳውን አጠፋሁ። ማን ነኝና ነው ስለ ማስረጃ የማስተምረው?

የካቲት 6
የፊቱን ቀዳዳ ወደ ድሮው መለስኩት። ከኮፈኑ ሥር፣ ከኋላ በኩል ሰፊ መውጫ ከፈትኩ። አየሩ በጎን እንዳያመልጥ የሲሊንደሮቹን ዙሪያ በላሜራ ዘጋሁ... አያ አላምረው ቆርጦ በተወው ላሜራ። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ሠራ፤ አልጋለም።
እትዬ የትነበርሽ እልል አለች። «አየህ? ዓይኑ ሲርቅለት!»
አሁንም ዝም አልኩ። ይሄኛው ከፊተኛው ይብሳል።

የካቲት 7
አያ አላምረው ቤት ሄድኩ። ከወናፉ አልተነሳም።
«ጋለ ወይ?»
«ቀዘቀዘ። አንተ እንዳልከው...»
«ሸጋ።» ፍሙን ቆሰቆሰ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀው ነበር።»
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የካቲት 16፣ እሑድ
ሰው ተሰብስቦ ሞተሩን ይጠብቃል። ሳላስነሳ ተናገርኩ። የጋለው በእኔ ጥፋት ነው፣ የቀዘቀዘው በአያ አላምረው ምክር ነው፣ ያን ቀን ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። እትዬ የትነበርሽ፣ «እንግዲያስ አውሮፕላንህን ከግቢዬ አውጣልኝ» አለች።

የካቲት 23
ባለፈው ሰኞ ክንፎቿን ፈትቼ በጋሪ ወደ አያ አላምረው ደጅ ወሰድኳት። ቦታውን በእጁ አሳየኝ። እስካሁንም አያናግረኝም። ሞተሩን ሳስነሳ ግን ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ ጎንበስ ብሎ መዳፉን መውጫው ላይ ይዘረጋና አየሩን ይለካል። ከዚያ እኔን ሳያይ ወደ ወናፉ ይመለሳል።