ስለ አምስተኛዋ ብድሬ፣ ለደንበኞች እርካታ ክፍል

ማርች 26 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.

ለተማሪዎች ብድር ማዋሃጃ ድርጅት
የደንበኞች እርካታ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስላላረካችሁኝ ማመስገንን ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፦

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አርባ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ዋሽንት ያሰማኝ የስልክ መሣሪያዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንኳ ማርች 3 ቀን ተማሪዎቼን አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሠራተኛዎን ትሬንትን በስልክ "ብድሮቼን ባዋህዳቸው የማጣው ነገር አለ?" ብዬ እስክጠይቀው ድረስ ደህና ነበርኩ። ትሬንትም ትንፋሽ ሳይወስድ "ኧረ ምንም! አምስቱም አንድ ይሆኑልሻል፣ በቃ ትገላገያለሽ" አለኝ። የላከልኝን ቅጽ እዚያው በስልኬ ከፍቼ ፈረምኩ። የተበላሸው ያኔ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ በዌስት ቨርጂኒያ በሁለት ኮረብታዎች መካከል በተሰነቀረች ከተማ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ለአራት ዓመት ትምህርቴ አራት ብድሮች ወስጃለሁ። አምስተኛዋን፣ ሁለት ሺህ ዶላር፣ ያበደረኝ ኮሌጁ ራሱ ነው። ይህቺ አምስተኛዋ ከሌሎቹ ትለያለች፤ ድሃ ልጆች በሚበዙበት ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው በየዓመቱ እየተቀነሰለት መጨረሻ ላይ ጨርሶ ትሰረዝለታለች። ሦስት ዓመት አስተምሬ ግማሿ ተሰርዟል። ሁለት ዓመት ይቀረኛል።

ከዚህ ቀጥሎ ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የድርጅትዎ ማጠቃለያ ወረቀት፣ ሐሳቤን መለወጥ የምችለው እስከ ማርች 28 ብቻ መሆኑን የሚገልጸው፣ የደረሰኝ ትላንት ነው። ለማሰብ ሦስት ቀን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ በላይ ብትሰጡኝ ኖሮ አስቤ እጨርስ ነበር።

2ኛ. በየዓመቱ ግንቦት ላይ የስረዛ ቅጼን ይዤ ወደ ትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ወደ ወይዘሮ ሎሬታ ኮጋር እሄዳለሁ። እሷም ርእሰ መምህሩን አስፈርማ፣ ከከረሜላው መሳቢያ ማኅተሙን አውጥታ፣ ሁለት እጇን ጭና ትመታዋለች። ከዚያ የኦቾሎኒ ቅቤ ብስኩት ታጎርሰኝና "ይኸው፣ አንድ ዓመትሽን መለስኩልሽ" ትለኛለች። ትላንት ወረቀታችሁን ሳሳያት ግን ብስኩቱን ረሳችው።

"አንቺ ልጅ፣ አምስት ይላል እኮ! ትንሿንም አስገብተሻታል?"

"ምንም አታጪም አለኝ።"

"ማን?"

"ትሬንት።"

"ትሬንት ነው የሚያስተምርልሽ? ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ከተዋሃደች አበቃላት። እንደተከፈለች ይቆጠርና በምትኩ አዲስ ብድር ይጻፍልሻል። አዲሱ ብድር ደግሞ አስተማሪ መሆንሽን አያውቅም። ካንቺ በፊት ሁለት መምህራን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው አልቅሰውብኛል፤ ሦስተኛ ከሆንሽ መሀረቡን ራስሽ አምጪ!"

አላለቀስኩም። ወደ እናንተ ደወልኩ፤ ዋሽንቱን የሰማሁት ያኔ ነው። በመጨረሻ ያነሳችው ሴት ስሟን አልነገረችኝም፣ ግን ቅን ነበረች። "እውነት ነው፣ ስረዛው ይቀራል። አንዴ ከተዋሃደ ደግሞ መመለሻ የለውም" አለች። "ታዲያ ለምን አልተነገረኝም?" ስላት፣ "የኔ እመቤት፣ የቀረችው አንድ ሺህ ብቻ ናት እኮ። ትንሽ ስለሆነች ይሆናላ" አለችኝ።

3ኛ. ወለዱን በተመለከተ፣ የአምስቱ አማካይ ተወስዶ ምንጊዜም ወደሚቀጥለው የመቶኛ አንድ ስምንተኛ ከፍ ይደረጋል ተብሏል። ክፍልፋይ እያስተማርኩ ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ አሠራኋቸው። ሬሊን የምትባለው፣ ማባዛት ገና የሚያስቸግራት ልጅ፣ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ወደ ታችኛው ቁጥር ቢቀርብም ወደ ላይ ነው?" አዎ አልኳት። "እና እኔ ፈተና ላይ እንደዛ ስሠራ ለምን ኤክስ አደረግሽብኝ?" ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መልሱን ከእርስዎ እየጠበቅን ነው።

4ኛ. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ካዋሃድኩ የወር ክፍያዬ በስልሳ አራት ዶላር ይቀንሳል፤ ስምንት ዓመት ግን ይጨመርብኛል። ስልሳ አራት ዶላር ለእኔ በየጠዋቱ ዳገቱ ላይ የምታጓራውን መኪናዬን ማስጠገኛ ማለት ነው። ሌሊቱን በሙሉ ቁጥሩን ገለበጥኩት። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ አሁንም ለእናንተ ቼክ ስጽፍ ታየኝ፤ መኪናዬም መንገድ ላይ ቆማ፣ እኔም ከሥራ ቀርቼ ታየኝ። ሁለቱም ያስፈሩኛል። የቅጹ አራተኛ ገጽ ላይ "እንዲካተት የማይፈልጉት ብድር" የሚል ባዶ መስመር እንዳለ ያወቅኩት ግን ጎህ ሲቀድ ነው። ትሬንት ያንን መስመር እንዴት እንደዘለለው ስመለከት የስፖርት ሰው መሆኑን ተረዳሁ።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ማመልከቻዬን ሙሉ በሙሉ ሰርዤዋለሁ። መሰረዜን የሚገልጸውን ወረቀት ወይዘሮ ሎሬታ ዛሬ በምሳ ሰዓት በፋክስ ልካዋለች፣ መድረሱን የሚያረጋግጠውንም ወረቀት ማኅተም መትታበታለች፤ ይህ ደብዳቤ ደግሞ በከተማችን ጋዜጣ ይወጣል። አራቱን ብድሮች ላዋህድ አላዋህድ ገና አልወሰንኩም፤ እውነቱን ለመናገር ጨንቆኛል። ስወስን ግን ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግቼ፣ እያንዳንዱን መስመር አንብቤ ነው። አምስተኛዋ በዚያ ወረቀት ላይ አትገኝም። ሁለት ግንቦት ቀርቷታል።

ላሳያችሁኝ ትዕግሥት፣ ላስተማራችሁኝ ክፍልፋይና ላሰማችሁኝ ዋሽንት ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በስልክ መጠበቂያ መስመር ላይ የምገኝ

ታማኝ ተበዳሪዎ
ኮሪን ስታልናከር

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሎሬታ ኮጋር (ብስኩቱን ስላልበላሁት ይቀመጥልኝ)
ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዋናውን ቅጂ በፖስታ ልኬያለሁ። የላካችሁልኝ የመልስ ፖስታ ቴምብር ስላልነበረው አርባ ዘጠኝ ሳንቲም ከኪሴ አውጥቻለሁና እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። ትንሽ ነው እንዳትሉኝ። አንድ ሺህ ዶላሬን ትንሽ ብላችሁኛል፤ በእኔ ሒሳብ ግን እሷ ሁለት ዓመት ናት፣ ሬሊንም በሁለት ዓመት ውስጥ ማባዛት ትጨርሳለች። የእኔ የሆነውን ነገር ትንሽ ነው የሚለኝን ሰው፣ ከእናንተም ሆነ ከሌላ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።